ቅድስት አርሴማ ካረፈችበት እስከ ካዝቤጊ፦ አርመንንና ጆርጂያን በአንድ ጉዞ እንዴት እንደምታዩ

ከእናቴ ጋር አርመን ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «የቅድስት አርሴማ መቃብር እውነት እዚያ ነው? እንዴት ልሂድ? ጆርጂያም ጎረቤት ናት ይባላል፣ አብሬ ልያት?» ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ስመልስ አንዱን እነግርና ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ።

አዎ፣ እዚያ ነው። ጆርጂያንም አብራችሁ እዩ። ለሁለቱ 10 ቀን ይበቃል። ከ8 ቀን በታች ከሆነ ግን አንዱን አገር ብቻ ያዙ። መንገዱ ሁሉ ተራራ ስለሆነ 100 ኪሎ ሜትር ማለት የ1 ሰዓት መንገድ ማለት አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ቪዛውን ከትኬቱ አስቀድሙ። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያላችሁ ሁለቱም አገር ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ግን የየአገሩን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ራሳችሁ ክፈቱና አንብቡ። ሁለቱም በኢንተርኔት የሚሞላ የቪዛ ማመልከቻ አላቸው። በገልፍ አገር፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ቀለል ያለ መንገድ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ደንቡ ግን ይቀያየራል፤ ፈቃዱ ስንት ወር ሊቀረው እንደሚገባም ይለያያል። ጓደኛችሁ አምና የገባችበት መንገድ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ትኬት ቀድማችሁ ከቆረጣችሁና ቪዛው ከተከለከለ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው።

2. በየሬቫን (የአርመን ዋና ከተማ) ግቡ፣ በትብሊሲ (የጆርጂያ ዋና ከተማ) ውጡ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ትኬቱን የቆረጠልን ወኪል ወደ የሬቫን ደርሶ መልስ አድርጎ ቆረጠልን። ጆርጂያን ጨርሰን ለመመለስ እንደገና አርመን መግባት ነበረብን። የአርመን ቪዛችን ደግሞ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነበር። ሁለተኛ ቪዛ ከፈልን፣ አንድ ሙሉ ቀንም መንገድ ላይ ቀረ። ትኬት ስትቆርጡ መድረሻውን የሬቫን፣ የመመለሻውን መነሻ ትብሊሲ አድርጉ። ከዱባይ፣ ከዶሃና ከኢስታንቡል ወደ ሁለቱም ከተሞች በረራ አለ። መንገዱም በዚህ አቅጣጫ ይቀናል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ፣ አንዱን መንገድ ሁለቴ አትሄዱም።

ድንበር የምትሻገሩት በአርመንና በጆርጂያ መካከል ብቻ ነው። አርመን ከቱርክና ከአዘርባጃን ጋር ያላት የየብስ ድንበር ለተጓዥ ዝግ ሆኖ ስለቆየ «በቱርክ በኩል እገባለሁ» ብላችሁ አታቅዱ።

3. ቀኑን ከጾምና ከበዓል ጋር አስተያዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ስለሆነች የቀን አቆጣጠሯም ከእኛ ጋር አንድ ይመስለናል። አይደለም። አርመኖች ፋሲካን የሚያከብሩት ከምዕራባውያን ጋር ነው። ጆርጂያዎች ደግሞ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። በፈረንጆች 2027 የአርመን ፋሲካ መጋቢት 28 (ማርች)፣ የእኛና የጆርጂያ ግን ግንቦት 2 (ሜይ) ይውላል። እነሱ ሲፈስኩ እኛ ገና ዐቢይ ጾም ውስጥ ነን ማለት ነው። አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ በጃንዋሪ 6 ያከብራሉ። ጆርጂያዎች እንደኛ ገናን በጃንዋሪ 7፣ ጥምቀትን በጃንዋሪ 19።

ለምን ይጠቅማል? በአርመን ዐቢይ ጾም የመቅደሱ መጋረጃ ተዘግቶ ይሰነብታል። መቅደሱን አያለሁ ብሎ የሄደ ሰው መጋረጃ አይቶ ይመለሳል። የምግቡም ነገር ይለያያል፤ ወደታች እመጣበታለሁ።

የአየሩ ነገር፦ ግንቦትና ሰኔ፣ ወይም መስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የሬቫን እሳት ነው፤ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። በክረምታቸው ደግሞ በሰሜን ጆርጂያ ተራሮች መካከል ወዳለችው ካዝቤጊ የሚወስደው መንገድ በበረዶ ናዳ ይዘጋል። እኔ መስከረም 29ን እመርጣለሁ። የአርሴማን ቀን በመቃብሯ ማሳለፍ ሌላ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፣ አርመኖች በዚያ ቀን አያከብሩም። የእነሱ በዓል ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው የሚውለው። ስለዚህ ቦታው ጸጥ ያለ ይሆንላችኋል።

4. ቅዳሜ የሬቫን ድረሱ። ቅዳሜ ከገባችሁ እሑድ ቅዳሴ ትደርሳላችሁ። ማክሰኞ ደግሞ የብራና ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው የቀን አቆጣጠር በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የምትይዙት

- ነጠላ ወይም ሻርፕ። ለሴት ግዴታ በሉት። በጆርጂያ ራስ ሳይሸፈን ቤተ ክርስቲያን መግባት አይቻልም፣ በአርመን ላላ ይላል።
- ከጉልበት በታች የሚደርስ ቀሚስ። ጆርጂያ ውስጥ ሱሪ የለበሰች ሴት በር ላይ የሚታሠር ሽርጥ ይሰጣታል። እሱን ሺህ ሰው ለብሶታል፣ የራሳችሁን ብትይዙ ይሻላል። ወንዶች ቁምጣ አይሆንም።
- የማያንሸራትት ጠፍጣፋ ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ።
- ጃኬት። በበጋም ቢሆን ካዝቤጊ ላይ ያስፈልጋል።
- ትንሽ ክዳኑ የሚጠብቅ ጠርሙስ፣ ለጠበል።
- የሆቴል ማስያዣ፣ የመመለሻ ትኬትና የጉዞ የጤና መድን፣ ሁሉም በወረቀት የታተመ። ጆርጂያ ከፈረንጆች 2026 መጀመሪያ ጀምሮ መድኑን ከጎብኚ ትጠይቃለች። ስልክ ቻርጅ ያልቃል፣ ድንበር ላይ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ወረቀት ግን አይጠፋም።
- ዶላር ወይም ዩሮ በጥሬው። አርመን በድራም፣ ጆርጂያ በላሪ ነው የሚገበያዩት፤ የአንዱ ገንዘብ በሌላው አይሠራም።
- የሶኬት መቀየሪያ። ሁለቱም አገር ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ሶኬት ነው። ከአሜሪካም ከገልፍም የምትመጡ ትፈልጉታላችሁ።
- መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣ። ጆርጂያ በተለይ በማስታገሻና በእንቅልፍ መድኃኒቶች ላይ ጥብቅ ናት።
- በሶ ወይም ጭኮ። በቅቤ የታሸ ግን አይሁን፤ የእንስሳት ውጤት ፍተሻ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

አርመን

5. ቅዳሜ፦ ዕረፉ። ሲም ካርድ አውጡ፣ ገንዘብ መንዝሩ፣ ለሚቀጥሉት ቀናት ሹፌር ያዙ። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ይቀድማል፣ ከዱባይ ጋር እኩል ነው። ከሹፌር ጋር ስትቀጣጠሩ አቆጣጠሩን እንዳታምታቱ። እናቴ «በ2 ሰዓት ና» ብላ በጣቷ ሁለት አሳየችው፤ እሱም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ሰዓቱን በስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ።

6. እሑድ፦ ኤችሚያድዚን እና ቅድስት አርሴማ። ከየሬቫን ወደ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ ሁለት ስም አላት፣ ቫጋርሻፓትም ኤችሚያድዚንም ይሏታል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። «አርሴማ» ብትሉ ማንም አይገባውም። በአርመንኛ ስሟ ህሪፕሲሜ ነው። ለሹፌሩ «ሱርብ ህሪፕሲሜ» በሉት። ሱርብ ማለት ቅዱስ፣ ቅድስት ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ካቴድራሉን ብቻ አይተው፣ «አርሴማን አጣናት» ብለው የተመለሱ ሰዎች አግኝቻለሁ። መቃብሯ ካቴድራሉ ውስጥ አይደለም። በዚያው ከተማ ራሱን የቻለ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ በፈረንጆች 618 የተሠራ።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦

ሀ. ጠዋት በቀጥታ ወደ ሱርብ ህሪፕሲሜ። የአስጎብኚ አውቶቡሶች የሚመጡት ረፋድ ላይ ነው። ቦታዋ ጠባብ ናት፤ ከነሱ በፊት ከደረሳችሁ ጸሎት ታደርሳላችሁ።

ለ. በር ላይ ጧፍ ግዙ። ቀጭን ቢጫ ነው፣ ከእኛ ጧፍ ብዙም አይለይም። የሚተከለው አሸዋና ውሃ ባለበት ሣጥን ውስጥ ነው። ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፣ ድንጋዩን ያጠቁረዋል።

ሐ. ወደ መቃብሩ የሚወስደው በመቅደሱ አጠገብ ካለች ትንሽ ክፍል ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ ደረጃ ነው። ምልክት ብዙም አይታይም፣ ጧፍ የሚሸጡትን ጠይቁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ በሉ። ጉልበት የሚያመውን ሰው ከፊትና ከኋላ ያዙት።

እናቴ ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች። እነሱ አያወልቁም። ወለሉ ባዶ ድንጋይ ነው፣ ምንጣፍ የለውም። ጧፍ ሻጯ እማማ የእናቴን እግር አዩ፣ ተነሱ፣ ከመቀመጫቸው ላይ ያለችውን ቁራጭ ምንጣፍ አንስተው ደረጃው ሥር አነጠፉላት። አንድም ቃል አልተግባቡም። እማዬ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» አለቻቸው በአማርኛ፣ እሳቸውም በአርመንኛ መለሱላት። ወፍራም ካልሲ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። እንደ ልማዳችሁ ጫማ ለማውለቅ ካሰባችሁ ማንም አይከለክላችሁም፣ ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም።

መ. ከዚያ ወደ ካቴድራሉ ለቅዳሴ። ቋንቋው ግራባር ነው፤ ለእነሱ እንደ ግእዝ ለእኛ ማለት ነው። ቁሙና አዳምጡ። ፎቶ በቅዳሴ ሰዓት አይነሣም። ሲወጡ ጀርባቸውን ለመቅደሱ አይሰጡም፣ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አድርገው ወደኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ሠ. ከቅዳሴ በኋላ ቤተ መዘክሩን ግቡ። የጌታን ጎን የወጋው ጦር ነው ብለው የሚጠብቁት ቅርስ እዚያ አለ። ጊዜ ከተረፋችሁ የእመ ምኔቷ የቅድስት ጋያኔ ቤተ ክርስቲያን በእግር ቅርብ ናት፣ በፈረንጆች 630 የተሠራች።

*ማሳሰቢያ፦* ለመቁረብ የምታስቡ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። አርመን እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። ጆርጂያ ግን የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበለች ስለሆነች እዚያ መጸለይ እንጂ መቁረብ የለም።

7. ሰኞ፦ ሖር ቪራፕ እና ኖራቫንክ። ስንክሳር የምታነቡ ሰዎች ጎርጎርዮስ ዘአርማንያን ታውቁታላችሁ። ንጉሥ ድርጣድስ ለ13 ዓመት የጣለበት ጉድጓድ ሖር ቪራፕ ነው። ከየሬቫን 40 ኪሎ ሜትር ያህል።

በማለዳ ውጡ። የአራራት ተራራ ከገዳሙ ፊት ለፊት ተገትሮ ነው የሚታየው፣ 5,137 ሜትር። ቀኑ ሲገፋ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ተራራው ያለው ግን ቱርክ ውስጥ ነው፤ ድንበሩ ከገዳሙ ሥር ነውና ወደ አጥሩ አትጠጉ።

ጉድጓዱ ያለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ከመንበሩ በስተቀኝ ነው። የሚወረደው በቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው። ረጅም ቀሚስ የለበሳችሁ ቀሚሱን ሰብስባችሁ እሠሩ፣ ቦርሳችሁን ላይ ለሰው ስጡ፣ ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙራችሁ ውረዱ። ታች አየር ያጥራል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ አትውረዱ። ከላይ ሆናችሁ ብትጸልዩ ምንም አይቀርባችሁም። እናቴ ላይ ቀርታ፣ እኔ ታች ሆኜ ስሟን ጠርቼ ጸለይኩላት።

ኖራቫንክ ሌላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀጥላል። በቀይ ገደል መካከል ያለ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም ነው። ከፊት ለፊቱ በግድግዳው ላይ የወጣ፣ መያዣ የሌለው ጠባብ ደረጃ አለ። ለመውጣት አይከብድም፣ መውረዱ ነው የሚያስፈራው። ሽማግሌና ልጅ አታስወጡ።

8. ማክሰኞ፦ ጌጋርድ፣ ከዚያ ብራናው። ላሊበላን ያየ ሰው ጌጋርድ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል። ከፊሉ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ገዳም ነው። ከየሬቫን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጋርኒ የሚባለው ጥንታዊ የአምድ ቤተ መቅደስ በመንገዱ ላይ ነው። ጋርኒን ሲመለሱ ማየት ይሻላል፤ ጌጋርድ በጠዋት ባዶ ስለሚሆን።

ከፈልፈሎቹ በአንዱ ውስጥ ውሃ ከአለቱ ይፈልቃል፣ ወለሉ ላይ በተቆረጠ ቦይ ይወርዳል። ሰዎቹ ፊታቸውን ይታጠቡበታል፣ ይጠጡታል። ጠርሙሳችሁን እዚህ ሙሉ። ወደ ቤት ስትመለሱ ግን በእጅ ሻንጣ አትያዙት፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ ኤርፖርት ላይ ይጣላል። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። የእማዬ ጠበል የቀረው በእጅ ሻንጣ ስለያዝነው ነው፣ ፍተሻው ላይ አልቅሳለች።

ጣሪያው ላይ ካለው ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን ሥር ቆማችሁ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ብትሉ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። ቀስ ብላችሁ በሉት።

ከሰዓት በኋላ ማቴናዳራን ግቡ። በየሬቫን መሐል ያለ የብራና መጻሕፍት ማኅደር ነው፣ እሑድና ሰኞ ዝግ ነው። በክምችቱ ውስጥ የግእዝ ብራናዎችም አሉ። ለእይታ የሚወጣው ከክምችቱ ጥቂቱ ስለሆነ ላታገኟቸው ትችላላችሁ፤ ገብታችሁ ጠይቁ። በር ላይ የተቀረጸውን የአርመን ፊደል ከሩቅ ስታዩት የእኛን ሊመስላችሁ ይችላል።

9. ረቡዕ፦ ድንበሩን እያያችሁ ተሻገሩ። ከየሬቫን ትብሊሲ በሚኒባስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ ርካሽም ነው። የሌሊት ባቡርም አለ። እኔ ግን ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁ ለብቻ መኪና ተኮናተሩ እላለሁ። ምክንያቱም መንገዱ በደቤድ ሸለቆ ነው የሚያልፈው፣ እዚያ ደግሞ ሃግፓትና ሳናሂን አሉ። ሁለቱም በዩኔስኮ የተመዘገቡ ገዳማት ናቸው፤ ሃግፓት በፈረንጆች 1996፣ ሳናሂን በ2000። በሚኒባስ ከሄዳችሁ በሥራቸው ታልፋላችሁ፣ አታዩዋቸውም። ስትዋዋሉ ሦስት ነገር አስረግጡ፦ ሹፌሩ ድንበሩን ይዟችሁ ይሻገራል ወይስ ድንበር ላይ ይለያችኋል? ሁለቱ ገዳማት ዋጋው ውስጥ አሉ? ክፍያው በየትኛው ገንዘብ ነው?

መሻገሪያው ባግራታሼን ይባላል፣ በጆርጂያ በኩል ሳዳሕሎ። ከመኪና ወርዳችሁ በእግር ነው ፓስፖርት የምታስመቱት። ወረቀቶቻችሁን በእጃችሁ ያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አይሁኑ። «የት ታድራላችሁ? መቼ ትወጣላችሁ?» ይላሉ። አጭር መልስ ስጡ፣ ወረቀቱን አሳዩ። ጥያቄው ቢበዛ አትቆጡ። ከማኅተሙ በኋላ የተረፋችሁን ድራም እዚያው መንዝሩ፣ ትብሊሲ ውስጥ የሚቀበላችሁ ሰው መፈለግ ድካም ነው።

ጆርጂያ

10. ሐሙስ፦ ምጽኬታ። ከትብሊሲ 20 ኪሎ ሜትር ያህል። ስቬቲጽሖቬሊ ካቴድራል የጌታ እጀ ጠባብ ተቀብሮበታል ብለው የሚያምኑበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ከላይ ኮረብታው ላይ ያለውን ጅቫሪን እዩ። ሁለቱ ወንዞች ሲገናኙና ካቴድራሉ ሲታይ ከላይ ነው ደስ የሚለው። ከዚያ ወደታች ውረዱ። ማታ ትብሊሲ አሮጌው ከተማ ሲዮኒ ካቴድራልን ግቡ፤ ክርስትናን ወደ ጆርጂያ ያመጣችው የቅድስት ኒኖ መስቀል እዚያ ነው። ከወይን ሐረግ የተሠራ፣ ክንዶቹ ወደታች ያዘነበሉ መስቀል ነው። አንዴ ካያችሁት በኋላ በየቦታው ትለዩታላችሁ።

11. ዓርብና ቅዳሜ፦ ካዝቤጊ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል ይሏችኋል። ይቻላል፣ ግን አታድርጉት። 150 ኪሎ ሜትሩ ወደ ሩሲያ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች የሚሰለፉበት የተራራ መንገድ ነው። ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ይሆናል። እዚያ ብታድሩ ግን ጠዋት ደመና ሳይመጣ ተራራውን ታያላችሁ።

የጌርጌቲ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን 2,170 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ይወርዳል፣ የሸገር ልጅ ከፍታው አይነካውም። ከገልፍ ወይም ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ሰው ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ቀስ በሉ። ከመንደሩ በእግር ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ዳገት ነው። በመኪናም ይወጣል። እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ በመኪና ውጡ፣ አትከራከሩ። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው።

12. እሑድ፦ ምርጫችሁ። የእኅት ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የምትፈልጉ ትብሊሲ አሮጌው ከተማ ውስጥ የአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አለ፣ «ሱርብ ጌቮርግ» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ወይም በምትኩ ቦድቤ ሂዱ፣ የቅድስት ኒኖ መቃብር ያለበት የሴቶች ገዳም፣ ከትብሊሲ 110 ኪሎ ሜትር ያህል። ጠበሏ ከገዳሙ ቁልቁል በረጅም ደረጃ የሚወረድበት ቦታ ነው። ነጭ ልብስ ለብሰው ይነከራሉ። ውሃው በረዶ ነው፤ መነከር ባትችሉ ፊት መታጠብ ይበቃል። መውረዱ ቀላል ነው፣ ስትመለሱ ዳገቱን አስቡት።

ሰኞ ወደ ቤት።

ጾም ከሆነ ምን ትበላላችሁ?

ከጉዞው ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው፣ ቃሉን ካወቃችሁ። በጆርጂያ «ሳማርሕቮ» በሉ፤ የጾም ማለት ነው። ሎቢዮ የሚባል በሸክላ የሚቀርብ የባቄላ ዘር ወጥ አላቸው። ፕሓሊ ደግሞ ጎመን ወይም ቆስጣ ዋልነት ከሚባለው ፍሬ ጋር ተፈጭቶ ነው። ኺንካሊ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ ነው፣ ውስጡ ሥጋ አለ፤ የእንጉዳይና የድንች ዓይነቱን ጠይቁ። ኻቻፑሪ አይብ ያለበት ዳቦ ነው፣ እሱን ተዉት።

በአርመን «ፓስ» ብትሉ ይገባቸዋል። ፓሱጽ ቶልማ የጾም ቶልማ ነው፣ ጥራጥሬ በጎመን ቅጠል ተጠቅልሎ። ላቫሽ የሚባለው ስስ ቂጣ የትም አለ።

ቅቤ እንዳይገባበት ለማስጠንቀቅ በአርመንኛ «ካራግ»፣ በጆርጂያኛ «ካራቂ» ነው። አንዱን ከያዛችሁ ሌላውም ይያዛል። ረቡዕና ዓርብን ብዙ ምግብ ቤት አያስብበትም፤ «ጾም ነኝ» ከማለት «ሥጋ የለም፣ ካራቂ የለም፣ አይብ የለም፣ እንቁላል የለም» ብሎ አንድ በአንድ መናገር ይሻላል። አለዚያ ሥጋውን ብቻ አውጥተው በቅቤ ጠብሰው ያመጡላችኋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

የአዘርባጃኗን ባኩንም ጨምረን እንመለስ ማለት። ከአርመን ወደ አዘርባጃን በየብስ አይገባም፤ በጆርጂያ በኩል ዞራችሁ በአውሮፕላን ነው፣ ያም ሌላ ቪዛ ነው። ለዚህ ጉዞ አትሞክሩት።

በአንድ ቀን አምስት ገዳም ማየት። በሦስተኛው ላይ ድንጋይ ብቻ ይታያችኋል። በቀን ሁለት ይበቃል።

ዋጋ ሳይቆርጡ ታክሲ መግባት። በሁለቱም ከተሞች ያንዴክስ (በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ) ይሠራል፣ ትብሊሲ ቦልትም አለ። ከገዳም ወደ ከተማ ሲመለሱ ግን መኪና ላይገኝ ይችላል፣ ስለዚህ የወሰዳችሁን ሹፌር አስጠብቁት።

አብካዝያና ደቡብ ኦሴቲያ የሚባሉት አካባቢዎች በካርታ ላይ ቅርብ ይመስላሉ። ከሩሲያ በኩል ወደዚያ መግባት በጆርጂያ ሕግ ወንጀል ነው። ሹፌር ቢያባብላችሁም እምቢ በሉ።

ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሖር ቪራፕንና የኖራቫንክን ደረጃ ዝለሉ፣ በምትኩ ሴቫን ሐይቅ ውሰዷቸው። ከየሬቫን 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከላይ ኮረብታው ላይ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም አለ። ሐይቁ 1,900 ሜትር ላይ ስለሆነ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ጃኬታቸውን አትርሱ።

ስለ ጫማውም ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል፦ እናቴ በቀሩት ገዳማትም ሁሉ እያወለቀች ነው የገባችው። ጫማዋን የምታኖርበት አንድ የጨርቅ ቦርሳ ከየሬቫን ገበያ ገዛሁላት። እናንተም ከቤት ይዛችሁ ኑ።